የሙቅ ውሃ ቧንቧዬ ረገበብኝ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቦይለር ካስገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ከቦይለሩ እስከ ሻወሩ 8 ሜትር ይሆናል። ባለሙያው የዘረጋልኝ ነጭ ፒቪሲ ነው። አሁን መሃሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል፤ መጋጠሚያውም ያንጠባጥባል። የቀዝቃዛው መስመር ያው ፒቪሲ ሆኖ ምንም አልሆነም። ወፈር ያለውን ብገዛ ይበቃኛል?

የሰኞ ገበያው፦ አብሽር ወንድሜ! በጆንያ ጠቅልለው፣ ይይዝልሃል።

ቧንቧ ሠሪው፦ ኧረ ጆንያ እንዳታለብሰው! ሙቀቱን አፍኖ ይብስ ያለሰልሰዋል።

የመካኒካል ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦ ወፍራሙም አያዛልቅህም። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል። ጥንካሬው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው የሚወርደው፤ ከ60 በላይ አትጠቀሙበት የሚባለው ለዚህ ነው። ቅቤን አስበው። ደሴ ላይ ድንጋይ ነው፣ ባቲ ስትወርድ ይፈሳል። ቅሉ ቢተልቅም ያው ነው። (ፒቪሲው እንኳ አይፈስም፣ ይረግባል እንጂ።) ቦይለርህ ስንት ላይ ነው?

ጠያቂ፦ መጨረሻው ላይ። 75 ይላል።

ቧንቧ ሠሪው፦ በቃ፣ አገኘነው! ለጊዜው 55 ላይ አውርደው። ይሄ ግን ማስታገሻ ነው። መስመሩን በፒፒአር (ሙቅ ውሃ የሚችል የፕላስቲክ ቧንቧ ነው) ቀይረው፤ ፒኤን 20 የሚል የግፊት ደረጃ የተጻፈበትን ግዛ። በማስቲሽ አይጣበቅም። 260 ዲግሪ በሚሞቅ ማሽን ጫፉ ለስልሶ ነው የሚበየደው። ስታስገባው ቀጥ አድርገህ ግፋ እንጂ አታሽከርክረው።

የመካኒካል ተማሪ፦ ፒፒአር ሲሞቅ በጣም ይረዝማል፣ ይሄን እንዳትረሳ። 1 ሜትሩ በ1 ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲወጣ ያንተ 8 ሜትር 6 ሴንቲ ይረዝማል ማለት ነው። ብረት ቢሆን ግማሽ ሴንቲ ነበር። ሁለቱን ጫፍ ጥርቅም አድርገህ ካሰርከው ይጎብጥና እንደገና እዚህ ትመጣለህ። መሃሉ ላይ እንደ በር ቅርጽ አጥፈው፤ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ክላምፕም ቧንቧውን ያንሸራት። መሃሉ አሉሚኒየም ያለበትን ካገኘህ ብዙም አይረዝምም።

የሰኞ ገበያው፦ ታዲያ ብረት ለምን አያስገባም?

ቧንቧ ሠሪው፦ ይችላል። ግን ይዝጋል፤ ሲነካም እጅ ይፈጃል። ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው የፒፒአርን 200 እጥፍ ያህል ነው።

ጠያቂ፦ 55 ላይ አውርጄዋለሁ፣ ማንጠባጠቡ ቀንሷል። ቅዳሜ ፒፒአሩን እገዛለሁ። ጆንያውስ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ለፒፒአሩ አልብሰው! እሱ ሙቀቱን ይችለዋል፣ ውሃውም ሻወር ሳይደርስ አይቀዘቅዝብህም።

የሰኞ ገበያው፦ አላልኳችሁም? 😄