ሴራ፣ ንግር፣ ምልሰት፦ በቃል አውቃቸዋለሁ፣ ታሪክ ሲሰጠኝ ግን ይጠፉብኛል

ቀለም_ጠማኝ
ሰላም ለቤቱ። የአጭር ልቦለድ አላባውያንን ዘርዝሪ ብባል ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አንጻር፣ ጭብጥ እያልኩ እወርዳለሁ። ታሪክ ተሰጥቶኝ «ሴራውን አሳዪ፣ ንግሩን አውጪ» ስባል ግን የምጽፈው የታሪኩን አሳጥሮ መድገም ነው። ዘይቤ ላይ ደግሞ «እንደ» ባየሁ ቁጥር ተነጻጻሪ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የሚሠራ መለያ ያላችሁ? 1,500 ቃል ገደማ የሚሆን ድርሰትም ልጀምር ስለሆነ ለመጻፍም የሚረዳ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የጠርዝ_ማስታወሻ
በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ገበሬው አንዱን በሬ ሸጠ። ልጁ ከአገር ወጣ። ማሳው ጦሙን አደረ። ይሄ ታሪክ ነው፤ ድርጊቶቹ ተከታትለዋል እንጂ አልተያያዙም። ልጁ የሚወጣበት ገንዘብ ስላስፈለገ በሬው ተሸጠ፤ ጥማዱ ስለጎደለ ጎረቤቱን መቀናጆ (በሬ ከበሬ አጣምሮ ማረስ) ጠየቀ፤ ጎረቤቱ ግን የድሮ የድንበር ቂም ስላለው እምቢ አለ፤ ስለዚህ ማሳው ጦሙን አደረ። አሁን ሴራ ሆነ።

መለያው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ድርጊት በየመስመሩ ጻፊና በመሃላቸው «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» አስገቢ። «ከዚያ» ብቻ የሚገባበት ቦታ ላይ ሴራው ተበጥሷል። ለ1,500 ቃል ከአምስት እስከ ሰባት መስመር ይበቃል፤ አሥራ ሁለት ከሆነብሽ የረጅም ልቦለድ ንድፍ ይዘሻል።

ግጭቱን ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ካደረግሽው ሰው ከሰው ነው። እኔ ብሆን ክብደቱን ገበሬው ከራሱ ጋር በሚያደርገው ላይ እጥለዋለሁ፤ ልጁንም ማሳውንም ይፈልጋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም።

ጭብጥ ሲባል «ድህነት» ብለሽ አታቁሚ። እሱ ርእሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት፦ «ልጁን ለመሸኘት የተሸጠው በሬ የልጁን መመለሻ ይዞ ሄደ።»

ሰባራ_ብዕር
በመቼት ላይ ልጨምር። ቃሉ ራሱ መቼና የት ነው፤ ፈተናውም እዚያው አለ። ጊዜውን ቀይሪና ምን እንደሚፈርስ እዪ። በሬው ኅዳር ላይ ቢሸጥ ታሪኩ ይላላል፣ ሌላ ለመግዛት ወራት አሉት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ዝናቡ ደጅ ነው። ቀይረሽው ምንም ካልፈረሰ መቼቱ ጌጥ ብቻ ነበር።

ንግርን፣ ማለትም የኋላውን አስቀድሞ በስውር የሚጠቁመውን ፍንጭ፣ ፍለጋ ከፊት ወደ ኋላ መሄድ አያዋጣም፤ መጨረሻውን ካወቅሽ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። ለምሳሌ በመጀመሪያው አንቀጽ ልጁ በሬውን ለገበያ ሲያስር ቋጠሮው ይላላበታል፤ አባትየው «ተወው፣ ሲፈታ እናየዋለን» ይላል። በመጀመሪያ ንባብ ስለ ገመድ ነው። ልጁ ቀርቶ ደብዳቤውም ሲቋረጥ ግን ቋጠሮው ሌላ ነገር ይሆናል። በመጀመሪያው ንባብ ላይ «አሃ፣ ልጁ ሊቀር ነው» የሚያሰኝ ከሆነ ንግር አይደለም፣ ምስጢር ማባከን ነው። የተገላቢጦሹም ጥፋት አለ፦ የሩሲያው ደራሲ ቸኾቭ በ1889 እ.ኤ.አ. ለአንድ ደራሲ በጻፈው ደብዳቤ ማንም ሊተኩሰው ያላሰበውን የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ ማኖር አይገባም ብሏል። ቋጠሮው ኋላ የማይፈለግ ከሆነ ሰርዢው።

ምልሰት ላይ፣ ማለትም ትረካው ወደ ያለፈ ጊዜ ሲመለስ፣ ጀማሪ የሚሰናከለው በ«ነበር» ነው። ሙሉውን ገጽ «ሄዶ ነበር፣ ተናግሮ ነበር፣ ወስዶ ነበር» ሲል አንባቢ ይደክመዋል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በ«ነበር» ክፈቺ፣ ከዚያ በተራ ኃላፊ ጊዜ (ሄደ፣ ተናገረ) ቀጥዪ። ስትመለሺ አሁን ላይ ያለ አንድ የሚጨበጥ ነገር ጥሪ፦ ምጣዱ ጨሰ፣ ውሻው ጮኸ።

የጠርዝ_ማስታወሻ
አንጻር፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዐይን እንደሚታይ፣ ሳይነሳ እንዳያልፍ። አማርኛ እዚህ ላይ ያጋልጣል። ተራኪው ገበሬውን «ሸጠ» ካለው ከእኩያ ወይም ከሁሉን አወቅ ቦታ ሆኖ ነው የሚያየው፤ «ሸጡ» ካላቸው ዐይኑ የልጁ ወይም የሰፈር ወጣት ነው። ገጽ 1 ላይ «ሸጡ»፣ ገጽ 3 ላይ «ሸጠ» ከሆነ አንጻሩ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ አርታኢ መጀመሪያ የሚያሰምርበት ይሄን ነው። ሆን ተብሎ ሲደረግ ግን ኃይለኛ ነው። ጎረቤቱ ገበሬውን ሁልጊዜ «አንቱ» ይለው ከነበረና በእምቢታው ቀን «አንተ» ካለው፣ ስለ ቂሙ አንድም ቃል መጻፍ አያስፈልግሽም።

ወርቁን_ፈልጉ
ወደ «እንደ» ልምጣ። ሦስት ዓይነት ነው።

«እንደ መጣ ተቀመጠ» ጊዜ ነው፣ ዘይቤ የለም። «እንደ እናቷ ረጅም ናት» ሰውን ከሰው በእውን ባሕርይ ማወዳደር ነው፣ እሱም ዘይቤ አይደለም። «ልቡ እንደ ከበሮ ደለቀ» ግን ዘርፋቸው የማይገናኝ ሁለት ነገሮችን አገናኝቷል፤ ተነጻጻሪ እሱ ነው። «ይመስል» እና «ያህል»ም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፣ ስለዚህ «እንደ»ን ብቻ አትጠብቂ። ማነጻጸሪያው ወጥቶ «ልቡ ከበሮ ሆነ» ከተባለ ተለዋጭ ነው።

ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም ያዘለ ቃል) ስትፈልጊ ደግሞ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። በዐይን ብቻ የሚያነብ ሰው ወርቁን፣ ስውሩን ትርጉም፣ ሳያየው ያልፋል።

ቀለም_ጠማኝ
እግዜር ይስጥልኝ፣ የ«ስለዚህ»ውን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። አንድ የቀረኝ፦ «ረሀብ ደጁን አንኳኳ» ሰውኛ ነው ወይስ እንቶኔ?

ወርቁን_ፈልጉ
ሰውኛ። ግሡን እዪ። ስለ ረሀብ በሦስተኛ መደብ እየተወራ የሰው ሥራ ሲሰጠው ሰውኛ ነው። ፊት ለፊት እንዳለ ሰው በሁለተኛ መደብ ሲጠራ፣ «ረሀብ ሆይ፣ ደጄን ማን አሳየህ?» ሲባል፣ ያኔ እንቶኔ ይሆናል።