ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ለምስል ጥራት ብር የት ላይ ይውጣ?

ጥያቄ (ሸዋ በር)
ጀመዓ፣ 32 ኢንቹን ሽጬ 43 ኢንች ፎርኬ (4K፣ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው) ቲቪ ላስገባ ነው። ቤት የሚታየው ኢትዮሳት፣ ኳስና በፍላሽ የሚጫን ፊልም ነው። ሶፋው ከቲቪው 3 ሜትር ይርቃል። ያዋጣል?

መልስ (ፒያሳ)
አብሽር፣ 43 ኢንቹን ግዛ፣ ፎርኬውን ግን ተወው። በዚያ ስፋት ፎርኬን ከፉል ኤችዲ (ምስሉ 1080 መስመር ካለው) ለመለየት ደህና ዓይን ያለው ሰውም 1.7 ሜትር ገደማ መቅረብ አለበት። ከ3 ሜትር የምታየው ለውጥ ስፋቱን ነው፤ ለኳስ እሱ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የሪሲቨሩን ጀርባ እየው። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ከተሰካበት ሪሲቨሩ ኤችዲ ቢሆንም ቲቪው ላይ የሚደርሰው ቢበዛ 576 መስመር ነው። በኤችዲኤምአይ ቀይረህ ሜኑው ላይ 1080 እና 16፡9 (የምስሉ ወርድና ቁመት ምጥጥን) ምረጥ። ዜና አንባቢው ወደ ጎን የሚወፍረው ብዙ ጊዜ ይህ ምጥጥን በትክክል ስላልተመረጠ ነው።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ ዲሽ ሙያተኛ)
ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ቲቪ መቀየር ምንም አይፈይድም። «ጦሳ ተራራ ጋርዶት ነው» የሚላችሁን ሙያተኛ አትቅጠሩ። ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ነው፤ የኢትዮሳት ሳተላይት (57 ዲግሪ ምሥራቅ) ከደሴ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ሽቅብ ነው። የሚጋርደው የጎረቤት ፎቅ ወይም ባሕር ዛፍ ነው።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሲግናል ይወርዳል። 90 ሴንቲ ዲሽ ከ60ው ከእጥፍ በላይ ስለሚሰበስብ ትርፍ አለው። ዲሽ ስታስገጥሙ «ስትሬንግዝ» (የሲግናል ጉልበት) ሞላ ብሎ ከጣሪያ የሚወርደውን ሙያተኛ አትመኑት፤ መታየት ያለበት «ኳሊቲ» (የሲግናል ጥራት) ነው። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ላይ የሚታሰረው የገመድ ጫፍ ውስጥ አንዲት የሽቦ ክር መሐለኛውን መዳብ ከነካች መስመሩ ሾርት ያደርጋል። ውሃ ከገባበት መዳቡ ይጠቁራል፤ ያንን ጫፍ ቆርጦ እንደ አዲስ ማሰርና በፕላስተር መሸፈን ነው።

መልስ (ሰኞ ገበያ)
ፊልም የሚጭኑላችሁን ስለ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፣ የፋይሉን መጠንም ጠይቁ። የ2 ሰዓት ፊልም 700 ሜጋ ላይ ሲጨመቅ የጨለማ ትዕይንቱ አራት ማዕዘን እየሆነ ይበጣጠሳል። 2 ጊጋ አካባቢ ከሆነ አይን አይቆረቁርም። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ግን ፎርማቱ ፋት32 (FAT32) በሆነ ፍላሽ ላይ አይገባም።

በኔ አስተያየት ለድራማ ምስል ሁለተኛ ነው። ስስ ቲቪ ድምፁን ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ስለሚለቀው ንግግሩ ይታፈናል። ከፎርኬው የተረፈውን ብር ሳውንድባር (ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ላይ አውሉት።

ጠያቂው
ኳስስ ላይ ኳሷ ጭራ የምታወጣው?

መልስ (ፒያሳ)
ቻናሉ ራሱ አጥብቆ ጨምቆት ከሆነ መድኃኒት የለውም። መጀመሪያ ግን የቲቪውን ሜኑ ሞክር፦ «ኖይዝ ሪዳክሽን»ን አጥፋ፣ «ሻርፕነስ»ን ቀንስ፣ «ቪቪድ»ን ወደ «ስታንዳርድ» መልስ።