የድሮ ፋብሪካ ሰፈር ጓሮ ላይ አትክልት መትከል

ጥያቄ፦
ሰፈራችን ድሮ የፋብሪካ ቦታ ነበር፤ ከአጥራችን ማዶ ባትሪ ይመረት ነበር። ጓሮው ላይ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ልንተክል ነው፤ ልጆችም ይጫወቱበታል። አዲስ አፈር ደፍቶ መትከል ብቻ ይበቃል?

መልስ 1፦
ከመድፋትዎ በፊት ያስመርምሩ። ባትሪ ከነበረ የመጀመሪያው ስጋት ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ነው። ሊድ አይበሰብስም፣ በዝናብም ወደ ታች እምብዛም አይሰርግም፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላም ላይኛው አፈር ውስጥ ይገኛል። ለአትክልቱ ቦታ እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር፣ ልጆቹ ለሚጫወቱበት ደግሞ ላይኛውን 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይውሰዱ። ከየቦታው 8 ወይም 10 ጉድጓድ ቆፍረው በፕላስቲክ ባልዲ ያደባልቁ፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይጨምርበታል። የሁለቱን አፈር ግን አንድ ላይ አይቀላቅሉ፤ የተበከለው ጥግ በንጹሑ ተሸፍኖ ያመልጥዎታል። ሊድ፣ እንዲሁም ሌሎቹ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አርሴኒክና ካድሚየም እንዲታዩ ለላብራቶሪው በግልጽ ይንገሩ። ተራው የአፈር ለምነት ምርመራ እነዚህን አያሳይም።

መልስ 2፦
ሊድ ከተገኘ መሬቱ ላይ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚለይ ጨርቅ) አንጥፈው ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ንጹሕ አፈር ያለው መደብ ይሥሩ። ለጠርዙ የድሮ የሐዲድ እንጨት አይጠቀሙ፣ ክሪዮሶት በሚባል መርዛማ የእንጨት መከላከያ ዘይት የተነከረ ነው። ቲማቲም ብዙም አያሳስብም፤ ሊድ ወደ ፍሬ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ካሮት ግን ከንጹሕ መደብ ውጭ አይተከል። ጎመን ላይ ትልቁ ችግር ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው አቧራ ነው፤ ስለዚህ በመደቦቹ መካከል ያለውን መተላለፊያም በሣር ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ይሸፍኑ። ይህን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ አዲሱ መደብ በዓመት በዓመቱ በዙሪያው አቧራ እንደገና ይበከላል። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በደረቁ አይጠረግ።

መልስ 3፦
አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሊድን አፈሩ ውስጥ ለማሰር ፎስፌት (ማዳበሪያ ውስጥ ያለ የፎስፈረስ ውህድ) ጨምሩ የሚሉ አሉ። አርሴኒክም ካለ ፎስፌቱ እሱን ከአፈሩ ያላቅቀዋል፤ ውጤቱ ሳይመጣ አይጨምሩ። ኮምፖስትና የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 7 ማድረግ ለሊዱ ይረዳል።

ደግሞም ቦታው ላይ ብረት በማሟሟያ ይታጠብ እንደነበር ያጣሩ። ትራይክሎሮኤትሊን የተባለው ማሟሟያ ከመሬት በታች ተንኖ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ወደ ቤት ይገባል፤ ሽታው ባይሰማም ሊኖር ይችላል። የጓሮ አፈር ምርመራ ይህን አያገኘውም፣ ከወለሉ ሥር አየር ተወስዶ መመርመር አለበት። ከተገኘ ስንጥቁን መድፈን ብቻውን አይበቃም፤ ከወለሉ ሥር ቧንቧ ገብቶ አየሩ በማራገቢያ ከጣሪያ በላይ ይወጣል።

ለልጆቹ ደግሞ የአፈሩን ውጤት ሳይጠብቁ የደም ሊድ ምርመራ ያስደርጉ።