ጥቆማ፦ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የት ልማር? (ደሴ፣ ኮምቦልቻ)

የኮሌታዋ ልጅ፦ ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። ፈረንጁ ሱፐርቫይዘር «ዶንት ከት ኮርነርስ» ብሎኝ ሄደ። እኛ ኮሌታ ከመገልበጣችን በፊት ጥጉ ላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ በመቀስ እንቀነጥሳለን፤ አለዚያ ጫፉ ድቡልቡል ይላል። ጥግ አትቁረጪ ያለኝ መስሎኝ መቀሱን አስቀመጥኩ። 30 ኮሌታ ተበላሸ። ለካስ «ቶሎ ልጨርስ ብለሽ ሥራ አታድበስብሺ» ማለቱ ነው። መጽሐፍ፣ ኮርስ ወይስ አፕ ይሻለኛል?

ጦሳ ስር፦ የኦክስፎርድን የተማሪ ዲክሽነሪ ያዢ። «ኮርነር» ስር ገብተሽ እዪው፤ ፈሊጦቹ ለብቻቸው ተለይተው አሉ።

ሆጤ ሰፈር፦ ኮርስ እንዳትገቢ! ደሴ አንዱ ጋ 1,800 ብር ከፍዬ አስተማሪው «ሬድ ቴፕ»ን «ቀይ ፕላስተር» ብሎ አስጻፈን። የቢሮ ውጣ ውረድ ማለት መሆኑን ያወቅኩት የሥራ ፈተና ላይ ነው። ብሬን መልሱ ብዬ ስሄድ ደግሞ «ማመልከቻ ጻፍ፣ ማህተም አስመታ፣ ማክሰኞ ተመለስ»። ያኔ በደንብ ገባኝ።

ሮቢት፦ የቱ ነው? ፎቅ ላይ ያለው?

ሆጤ ሰፈር፦ ስም አልጠራም።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔንም በልተውኛል። ሰርተፊኬቱ ላይ ስሜን እንኳ አሳስተው ነው የጻፉት። ብሩን ያስመለሰ ሰው አለ?

የፒያሳ ደንበኛ፦ ይሄን ሁሉ ተዉት። ፒያሳ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት ጋሼ ዘንድ ሂጂ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሌላ ጋ ገዝቼ አላውቅም።

ጦሳ ስር፦ የፈሊጥ መጽሐፍ አላቸው?

የፒያሳ ደንበኛ፦ የላቸውም። ግን ሰው ናቸው።

ባለመርፌዋ፦ አንቺዬ፣ ኮሌታውን ስትቀነጥሺ የስፌቱን ክር እንዳትነኪ። ትንሽ ተይለት።

ሮቢት፦ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያስጠና የምታውቁ?

ሸዋ በር፦ «ቢቲንግ አራውንድ ዘ ቡሽ» ለሚለው መጽሐፍ አያስፈልግሽም። ይሄን ውይይት ከላይ እስከ ታች አንብቢው። ዙሪያ ጥምጥም ማለት ነው።

የሐይቋ፦ አብሽሪ እህቴ። እስቲ «አብሽሪ»ን ራሱ ለፈረንጁ ቃል በቃል ተርጉሚለት፤ እሱም ግራ ይገባዋል። ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ «ዘ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» የሚል ዝግጅት አለው። አጫጭር ነው፤ በአንዴ አንድ አባባል ይዞ ያወራል። ነጻ ነው። ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂና ሰርቪስ ውስጥ ስሚው። ዲክሽነሪው ትርጉሙን ይነግርሻል፤ ይሄኛው ግን ማን ለማን እንደሚለውም ያሰማሻል። ለምሳሌ «ብሬክ ኤ ሌግ» ቃል በቃል «እግርህን ስበር» ቢሆንም መድረክ ለሚወጣ ሰው መልካም ዕድል መመኛ ነው። እግሩን ታሞ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን አደራ እንዳትይው።

የኮሌታዋ ልጅ፦ እናመሰግናለን ሁላችሁንም። ዛሬ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ብሎን ወጣ። ቀን ብለን እንጥራው ነው?

የሐይቋ፦ ለዛሬ ይብቃን፣ ወደ ቤት እንሂድ ማለቱ ነው።

የኮሌታዋ ልጅ፦ ወይኔ። ሰርቪሱ ሄዷል።