የቆመች መኪናዬን ገጭቶ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ፤ አሁን ደግሞ «ፈርሚልኝ» ይላል

ግራ የገባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፣ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ መኪናዬን የኋላ ግራ ጥግ ላይ ተገጭታ አገኘኋት። ፓራውልቱ ላይ መዳፌን የሚያክል ነጭ ጭረት አለ። ከሱ ከፍ ብሎ ላሜራው ሰርጉዷል፣ አውራ ጣት ያስቀምጣል። የዝናብ መጥረጊያው ሥር ደግሞ የተጣጠፈ ወረቀት ተሰክቷል። «ወደ ኋላ ስወጣ ገጨሁ። ይቅርታ። ይደውሉልኝ» ይላል፣ ከነስልክ ቁጥሩ። እውነቱን ለመናገር ከመናደዴ በፊት ገረመኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቆማ ተገጭታለች፤ ወረቀት የተወልኝ ሰው ግን አልነበረም።

ደወልኩ። ልጅ እግር ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የነዳው መኪና የአሠሪው ነው። «ኢንሹራንስ ከተጠራ ከሥራ እባረራለሁ፣ ከኪሴ ልክፈልሽ» አለኝ። በማግስቱ ገንዘቡን በፖስታ ይዞ መጣ። ከፖስታው ጋር ግን ሌላ ወረቀት ነበር፦ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል። አልፈረምኩም፣ ገንዘቡንም አልተቀበልኩም። እስከ ሰኞ ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

መኪናዋ 14 ዓመቷ ነው። የአባቴ ነበረች፣ ሲያርፍ ለኔ ደረሰች። ባለቤቴ «ታማኝ ልጅ ነው፣ ተቀበዪውና ተገላገዪ» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ኢንሹራንስ ጥሪ፣ ሙሉ ጎኗን ያስቀቡልሽ» ባይ ነው።

አንድ የምናዘዘውም አለ። ከአዲሱ ጭረት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የድሮ ጭረት አለ። እሱ የኔ ሥራ ነው፣ የበር ምሰሶ ላይ ያፋተግኩት። ልጁ ሁለቱንም የሱ መስሎታል። እኔም እስካሁን ዝም ብያለሁ። ምን ላድርግ?

ላሜራ ቀጥቃጩ፦

እህቴ፣ ያልፈረምሽው ደግ አደረግሽ። ዕድሜዬን ላሜራ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ነኝ፤ እንደ ፓራውልት ያለ ውሸታም የለም። ፕላስቲክ ስለሆነ ተመትቶ ወደ ውስጥ ይገባና ተመልሶ ምንም እንዳልሆነ ይቆማል። ከውስጥ ግን ማቀፊያው ተሰብሯል፣ የያዙት መቆለፊያዎች ተነቅለዋል፣ የመብራቱ እግር ተሰንጥቋል። የሚገባሽ ከወር በኋላ ኮረኮንች መንገድ ላይ መንቀጫቀጭ ሲጀምር ነው። ፎቶ አይቶ ዋጋ የሚጠራ ጋራዥ ካለ አመስግነሽ እለፊው። መጀመሪያ ፓራውልቱ ይውረድ፣ ዋጋው ከዚያ ይቆጠር።

እስከዚያ በራስሽ የምታዪው አለ። የኋላውን ክዳን ዝጊና ክፍተቱን ግራና ቀኝ በጣትሽ ለኪው። እኩል ካልሆነ ምቱ ከጭረት አልፏል። መብራቱ ውስጥ ጤዛ ካየሽ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ስትነጂ መሪው ጠመም ብሎ ከቆመ፣ ወይ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ እግሯም፣ ማለትም ጎማውና የያዙት ብረቶች፣ ይታይ።

ነጩን ጭረት አትፍሪው። ምናልባት ያንቺ ቀለም ተልጦ ሳይሆን የሱ መኪና ቀለም ያንቺ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ያ በፖሊሽ ይለቃል። የቀረውን በውሃ አርጥቢው። እርጥብ እያለ ከጠፋ የተነካው ላይኛው ግልጽ ሽፋን ብቻ ነው። ጥፍርሽን ከያዘው ግን ቀለም ይፈልጋል። ፕላስቲክ አይዝግም፣ ጊዜ ይሰጥሻል። ላሜራው ላይ ግን ብረት ከታየሽ አትቆዪ።

ስለ ወንድምሽ፦ ሙሉ ጎን ማለቱ በዛ፣ ግን መነሻ አለው። 14 ዓመት ፀሐይ የመታው ቀለም በቀለም ቁጥሩ ተቀላቅሎ የመጣውን አዲስ ቀለም አይመስልም። ጎበዝ ቀቢ እያሳሳ ወደሚቀጥለው ላሜራ ያሻግረዋል። ካልሆነ ፀሐይ ላይ ስትቆም ልጥፍ ያለባት ትመስላለች።

በመጨረሻ፣ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ላሜራው ላይ አስኪጂው። የማይዝበት ቦታ ካገኘሽ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ፣ የድሮ ስርጉድ የተሞላበት ልስን፣ አለ። አሮጌ መኪና ብዙ ምስጢር አላት፣ ከልጁ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት እወቂው።

አጭር መላሽ፦

የድሮውን ጭረት ንገሪው። ወረቀት ትቶ የሄደ ሰው ላይ ይሄን ማድረግ ይቀፋል።

ሌላ ሰው፦

@አጭር መላሽ፣ ቀቢው እኮ ለአንድም ሆነ ለሁለት ጭረት ያው አንድ ፓራውልት ነው የሚቀባው። ልጁ ላይ ምን ተጨመረበት? ዝም ብላ ብታስቀባ ማንም አልተጎዳም።

የካሳ ክፍሉ ሰውዬ፦

ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ፋይል ስይዝ ነበርና ስለ ወረቀቱ ብቻ ልበል። «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚለው ቃል ነው አደገኛው። ነገ የመብራቱ ስንጥቅ ቢወጣ በሩን በራስሽ እጅ ዘግተሽዋል። መፈረም ነውር የለውም፣ ግን ጥገናው አልቆ መኪናሽን ካየሽ በኋላ ይሁን። የተጠገነውም በስሙ ይጻፍ።

ወደ ኢንሹራንስ ከሄድሽ፣ በቅድሚያ የሚታየው የገጨው መኪና የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው። በራስሽ በኩል ከጠየቅሽ ግን ከካሳው የራስሽ ድርሻ ይቀነሳል፤ ካሳ ሳትጠይቂ በመቆየትሽ ያገኘሽው ቅናሽ ካለም ሊቀር ይችላል። አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲተካ የእርጅና የሚቀንሱም አሉ። ለትንሽ ጉዳት ሲሰላ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ብዙ ውሎች ግን ካሳ ባትጠይቂም አደጋን በቶሎ አሳውቁ ይላሉና ውልሽን አንብቢ። የልጁን ታርጋና ያንን የመጀመሪያ ወረቀት ፎቶ አንሺ። አካባቢው ላይ ካሜራ ካለ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ከጥቂት ቀን በኋላ በራሳቸው ላይ ይቀዳሉ። ልጁ ሐቀኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አሠሪው ነገ ሲሰማ ምን እንደሚል ግን አናውቅም።

ግራ የገባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

@ሌላ ሰው ያልከውን ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ልጁ ሲደውል «ሁለቱም ጭረት እኮ…» ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሒሳቡ ጠፋኝ። «አንደኛው የኔ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ምሰሶው ወረቀት ትቶልሽ ነበር?» አለኝ። መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።

ሰኞ አብረን ጋራዥ ሄድን። ነጩ እንደተባለው የሱ መኪና ቀለም ነበር፣ አብዛኛው በፖሊሽ ለቀቀ። ፓራውልቱ ሲወርድ ግን የግራው ማቀፊያ ለሁለት ተሰብሮ አገኘነው። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። መብራቱ ደህና ነው።

ነገሩ የተወሳሰበው በማግኔቱ ነው። የሰረጎደው ቦታ ላይ አልያዘም። ላሜራ መቺው ስቱኮውን ሲፍቀው የጣት ውፍረት ያህል ወጣ። በደንብ የተሠራ፣ በደንብ የተቀባ የድሮ ግጭት። ልጁ የመታው ያንን ነው፤ ስቱኮ ስለሆነ ተሰነጠቀ። ያለዚያ ቀላል ስርጉድ ሆኖ ይቀር ነበር አለ ሰውየው።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ማቀፊያውንና የፓራውልቱን ቀለም እሱ ለጋራዡ በቀጥታ ይከፍላል። የላሜራውን እኩል እንካፈላለን። ወረቀቱን መኪናዋን ስረከብ እፈርማለሁ፣ «ምንም ዓይነት» የሚለው ተሰርዞ የተጠገነው ተዘርዝሮ። ለኢንሹራንሴም አሳውቄያለሁ፣ ካሳ ግን አልጠየቅኩም።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ገጭቼ አላውቅም እያለ ነው ያሳደገን። ስለ ስቱኮው ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አገኛችሁት?» አለች።