የጋራ ማመልከቻችን፦ የትኞቹን ነጭ ድንክ ኮከቦች እንምረጥ?

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለቴሌስኮፕ ጊዜ የምናቀርበውን ማመልከቻ ዛሬ መልክ እናስይዘው። ነጭ ድንክ ኮከብ የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው፤ ስፋቱ የመሬትን ያህል ሆኖ ክብደቱ ከፀሐይ ግማሽ ይበልጣል። ስበቱ ከባዱን ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚያሰምጠው ላዩ ላይ ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ብቻ መቅረት ነበረበት። ሆኖም ከ25 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ ካልሲየምን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች ይታያሉ።

አባል ሀ፦ የቫን ማነን ኮከብ ከሚባለው ነጭ ድንክ እንነሣ እላለሁ። በ1917 እ.ኤ.አ. በማውንት ዊልሰን የምልከታ ጣቢያ በተነሣው ስፔክትረም (በየቀለሙ በተበተነው የኮከቡ ብርሃን) ላይ ሁለቱ የካልሲየም መስመሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የፕላኔት ሥርዓት ፍርስራሽ ምልክት መሆናቸው የታወቀው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አባል ለ፦ ለመግቢያው ግሩም ነው፤ ለምልከታው ግን አልስማማም ወንድሜ። ያ ኮከብ ሂሊየም የለበሰ ነው። እንዲህ ባለው ላይ የወደቀው ነገር ሰምጦ እስኪያልቅ ሚሊዮን ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የምናየው የዛሬ ይሁን የጥንት አናውቅም። ሞቅ ያሉት ሃይድሮጅን ለባሾች ላይ ግን ከቀናት እስከ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠፋል። መስመሩ ካለ፣ አሁንም እየወደቀ ነው ማለት ነው! ጂ29-38 የተባለውን ሃይድሮጅን ለባሽ ነጭ ድንክ እንውሰድ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ከሚገባው በላይ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ የሙቀት ብርሃን) ሲያወጣ ተገኘ፣ ምንጩም በዙሪያው ያለ አቧራ ነው። ከኮከቡ ሞት የተረፈች ፕላኔት የአስትሮይድን (በጠፈር የሚዞርን ትንሽ ዓለት) መንገድ ታዛባለች፤ አስትሮይዱ ኮከቡን ሲጠጋ ስበቱ ይበጣጥሰዋል፣ ፍርስራሹም ቀለበት ሠርቶ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

አባል ሐ፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ግን በጽሑፉ ይግባልኝ። አንደኛ፣ በመካከል ያለው የጠፈር ጋዝም የካልሲየም መስመር ያሳያል። ስለዚህ ከመስመሩ የሚለካው ፍጥነት ከኮከቡ ፍጥነት ጋር ካልገጠመ አንቁጠረው። ሁለተኛ፣ ብረት ከማግኒዚየም ቀድሞ ይሰምጣል። ይህን ሳናርም «የወደቀው ዓለት ይዘቱ እንደ መሬት ነው» ብለን ብንጽፍ ስሕተት ነው።

አስተባባሪ፦ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ቫን ማነን በመግቢያው ይቆያል፤ የምልከታ ዝርዝሩ አቧራ የተገኘባቸው ሃይድሮጅን ለባሾች ብቻ ይሆናል። አባል ሐ፣ የእርማቱን ስሌት እርስዎ ቢጽፉልን?

አባል ሐ፦ በደስታ። ከማግኒዚየም፣ ከሲሊከንና ከብረት እጀምራለሁ።