ክርክር፦ ተማሪ በብዕር ስም ይሳለቅ ወይስ አይሳለቅ?

ጥያቄው፦ ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተማሪ ስሙን ደብቆ ስላቅ እንዲጽፍ ይፈቀድለት? (ተከራካሪዎቹ በቦታ ስም ተጠርተዋል።)

ሸዋበር፦ ይፈቀድ እንጂ! ኋላ ታዋቂ የአሜሪካ ፖለቲከኛና ጸሐፊ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ16 ዓመቱ ቦስተን ውስጥ የወንድሙ የጄምስ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ነበር። በራሱ ስም ቢያቀርብ ወንድሙ እንደማያትምለት ያውቃል። የእጅ ጽሑፉን ለወጠና ሳይለንስ ዱጉድ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ሆኖ ጻፈ፤ ወረቀቱን ሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አሾለከው። ጄምስና ወዳጆቹ ጸሐፊውን ለመገመት የከተማውን አዋቂዎች ስም ሲቆጥሩ ልጁ እዚያው ሆኖ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1722 እንዲህ 14 ደብዳቤ ታተመለት።

ሆጤ፦ ጋሼ፣ መጨረሻውንም ንገረና። ነገሩ ሲወጣ ወንድሙ ደስ አላለውም። ጠባቸውና ዱላው ተደማምሮ ልጁ በ1723 ጠፍቶ ፊላደልፊያ ገባ። ደግሞ የእኛ ልጅ ስም መደበቅ ሲፈቀድለት መጀመሪያ የሚጽፈው ስለ ሒሳብ መምህሩ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ ሁለታችሁም ስሙ ላይ ቆማችኋል፤ መታየት ያለበት ዒላማው ነው። ፍራንክሊን 7ኛው ደብዳቤ ላይ የሙት ግጥም አገጣጠምን እንደ ወጥ አሠራር ያስረዳል፦ የሟቹን በጎነት ሁሉ ውሰድ፣ ካነሰህ ተበደር፣ አንድ ሁለት እፍኝ የሐዘን ቃል ነስንስበት፣ በአንድ የሀርቫርድ ወጣት ባዶ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ሳምንት ይብላላ። እዚህ ላይ የሚያሾፈው በልማድ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ግን በ1852፣ እሱም በ16 ዓመቱ፣ ወንድሙ ከሚኖሩበት ከሀኒባል ከተማ ለጊዜው ሲወጣ የወንድሙን ጋዜጣ በእጁ አግኝቶ የተፎካካሪውን ጋዜጣ አዘጋጅ ለይቶ መታው። ሰውየው ራሱን ሊያጠፋ ነበር ተብሎ ሲወራበት፣ ትዌይን በአሮጌ የእንጨት ማተሚያ ፊደል ጀርባ ላይ ሥዕሉን በሴንጢ ቀርጾ አተመው። ያስቃል፤ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ግን አይሰቀልም።

ኮምቦልቻ፦ ልክ ነው፣ ሥርዓት ካለው ይሠራል። ተማሪው ጽሑፉን በብዕር ስሙ ያስገባል፤ እውነተኛ ስሙን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ከላይ የብዕር ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። ፖስታው የሚከፈተው አቤቱታ ሲመጣ ብቻ። ጽሑፎቹ በሙሉ በአንድ ሰው እጅ ይገልበጡ፤ የብዕር ስም ያላቸው ብቻ ከተገለበጡ ግን ለይተው ይታወቃሉ፣ ካልተገለበጡ ደግሞ ክፍሉ በእጅ ጽሑፉ ይለየዋል። ማጣሪያው ከመሰቀሉ በፊት ነው፤ አንዴ በስልክ ተነሥቶ ቴሌግራም ከገባ ወረቀቱን መቅደድ ዋጋ የለውም። አጣሪዎቹ የተሳለቀበትን ሰው ስም ከጽሑፉ አውጥተው ያንብቡት፦ በአረማመዱ፣ በመነጽሩ፣ በቅጽል ስሙ አሁንም ማን እንደሆነ ከታወቀ ይመለስ።

ሆጤ፦ ፖስታውን መምህር ይዞት ስላቁ ስለ መምህሩ ቢሆንስ?

ኮምቦልቻ፦ ላይብረሪ ይቀመጥ። ማሸጊያው ላይ የላይብረሪ ሠራተኛዋና የጋዜጣው ክበብ ተጠሪ ይፈርሙበት፤ ሁለቱ በሌሉበት አይከፈትም።

ሆጤ፦ እሱ ይሁን። ቢሆንም 9ኛና 10ኛ ክፍል አይካተቱ፣ ገና ልጆች ናቸው።

ሸዋበር፦ አይ ወንድሜ! ፍራንክሊን እኮ ከ10 ዓመቱ በኋላ ትምህርት ቤት አልረገጠም።